አዲስ የሬስሊንግ ድርጅት በስትሪሚንግ ዘመን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዓለም ትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ ሳምንታዊውን «ሮው» ትዕይንት ወደ ኔትፍሊክስ ካዛወረ ወዲህ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ስለሚወሰነው ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ የሚጽፉልን አንባቢያን ፍላጎት ከተመልካችነት አልፎ «እኛስ መመሥረት እንችላለን ወይ?» ወደሚለው ተሸጋግሯል። ለዛሬው እትም ከአዲስ ድርጅት ምሥረታ ጋር የተያያዙ አራት ጥያቄዎችን መርጠናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሠርግና የልዩ ልዩ ዝግጅቶች ቪዲዮ ባለሙያ ነኝ፤ ካሜራ፣ የድምፅ ዕቃና የቀጥታ ስርጭት ልምድ አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሬስሊንግ ከምንከታተል ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አነስተኛ ድርጅት ልንመሠርት አስበናል። ዕቅዳችን በመጀመሪያ የራሳችንን መተግበሪያ አሠርተን በወርሃዊ ክፍያ ትዕይንቶቻችንን ማሳየት ነው። ከምን እንጀምር?»

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ መተግበሪያውን የመጨረሻው ሥራዎ ያድርጉት። ምክንያቱን ለመረዳት በዚህ መስክ ከሁሉም የላቀ ሀብትና ስም ያለው ድርጅት የደረሰበትን ማየት ይበቃል። ደብሊው ደብሊው ኢ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2014 የራሱን የስትሪሚንግ አገልግሎት በወር 9.99 ዶላር ሲከፍት የበርካታ አሥርት ዓመታት የቪዲዮ ማኅደር ነበረው፤ የዓመቱን ታላቅ ዝግጅት ሬስልማኒያን ጨምሮ፣ ቀደም ሲል ለእያንዳንዳቸው በተናጠል ይከፈልባቸው የነበሩትን ዝግጅቶች ሁሉ በዚሁ ዋጋ አቀረበ። ያም ሆኖ በኤፕሪል ወር ያሳወቀው የደንበኞቹ ቁጥር 667,287 ነበር፤ አንድ ሚሊዮን መድረሱን ያበሠረው በጃንዋሪ 2015 ሲሆን፣ የ2014 ሒሳቡን የዘጋው ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ የተጣራ ኪሳራ ነው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ቢያድግም፣ በማርች 2021 በአሜሪካ የነበረውን አገልግሎት ፒኮክ ለተባለው ሌላ የስትሪሚንግ አገልግሎት አስረክቦ፣ ለአምስት ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከፈለው ተዘገበ። እንዲህ ያለ ማኅደርና እንዲህ ያለ ስም ያለው ኩባንያ ደንበኛን በየወሩ ማሳደድ ትቶ ይዘቱን ለሌላ መሸጥን ከመረጠ፣ ገና አንድም ትዕይንት ያላቀረበ ድርጅት በወርሃዊ ክፍያ እቆማለሁ ማለቱ አደገኛ ስሌት ነው።

ስትሪሚንግ ለአዲስ ድርጅት የሰጠው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ይኸውም በቴሌቪዥን ያልታየን ሰው በነፃ ማስተዋወቅ ነው። ኦል ኢሊት ሬስሊንግ የተባለውን ድርጅት አመጣጥ በቅደም ተከተል ቢመለከቱት ይህ በግልጽ ይታያል። በኋላ ድርጅቱን ካስጀመሩት ተፋላሚዎች መካከል ወንድማማቾቹ ማትና ኒክ ጃክሰን፣ ማለትም ያንግ በክስ፣ ከ2016 ጀምሮ በዩቲዩብ በየሳምንቱ የጉዟቸውንና የጓደኞቻቸውን ሕይወት ከቀልድና ከተፋላሚዎች ታሪክ ጋር እያዋሃዱ አቀረቡ፤ ለዚህም ትልቅ ስቱዲዮ አላስፈለጋቸውም። ሌላው ተፋላሚ ኬኒ ኦሜጋ ደግሞ የሚፋለመው ጃፓን ሆኖ ሳለ፣ ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ በዲሴምበር 2014 በወር 999 የን በከፈተው አገልግሎት አማካይነት በሌላው ዓለም ያሉ ተመልካቾች አወቁት፤ በጃንዋሪ 4 ቀን 2017 በቶኪዮ ዶም ከካዙቺካ ኦካዳ ጋር ያደረገው ፍልሚያም የአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ ሳያስተላልፈው በመላው ዓለም የሬስሊንግ ወዳጆች መነጋገሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ጋዜጠኛው ዴቭ ሜልትዘር አንድ ተመልካች ላቀረበለት ጥያቄ ሲመልስ፣ ሪንግ ኦፍ ኦነር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በቅርቡ 10,000 ትኬት ሊሸጥ እንደማይችል ጻፈ። ተፋላሚው ኮዲ ሮድስ ይህን እንደ ውርርድ ተቀበለው። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2018 እሱና ያንግ በክስ አዘጋጅተውት በቺካጎ አቅራቢያ የተካሄደው «ኦል ኢን» ትኬቱ በሠላሳ ደቂቃ ገደማ ተሽጦ አልቆ ከ11,000 በላይ ሰው አስተናገደ። ኦል ኢሊት ሬስሊንግ የታወጀው ከዚህ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ዝግጅት በሜይ 25 በላስ ቬጋስ ተካሄደ፤ ሳምንታዊው «ዳይናማይት» በቲ.ኤን.ቲ የቴሌቪዥን ጣቢያ የጀመረው ደግሞ በኦክቶበር 2 ነበር፤ ያውም እርስዎ ከሚኖሩበት ብዙም በማይርቀው በዋሺንግተኑ ካፒታል ዋን አሬና። ከዩቲዩቡ እስከ ቴሌቪዥኑ ከሦስት ዓመት በላይ መቆጠሩን ያስተውሉ። የቴሌቪዥኑ ትዕይንት ሲጀመር ተመልካቹ አስቀድሞ ነበረ።

ስለዚህ ለእናንተ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ትዕይንቱን የሚጽፍና ማን ከማን ጋር፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሚፋለም የሚወስን አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ ይህ ሥራ በጓደኞች ድምፅ ብልጫ የሚወሰን ከሆነ ታሪኩ በየወሩ አቅጣጫውን ይስታል። ቀጥሎ በአካባቢው ካሉ የሬስሊንግ ማሠልጠኛዎች ጋር ተነጋገሩ። አዳራሽ ስትመርጡ እንደሚሞላ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ትንሹን ውሰዱ፤ ሁለት መቶ ሰው ያጨናነቀው አዳራሽ በካሜራ ሲታይ አንድ ሺህ ሰው ከተበተነበት ሰፊ አዳራሽ ይልቅ ሕይወት አለው። ቀኑንም አትቀያይሩ። የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ካላችሁ ሁልጊዜ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ይሁን፤ ምክንያቱም ሬስሊንግ የቀጠሮ መዝናኛ ነው፣ ተመልካች የጀመረውን ታሪክ ለመጨረስ ተመልሶ የሚመጣው መቼና የት እንደሚያገኘው ሲያውቅ ነው። ከትዕይንቱ ውስጥ ተመርጠው የተቆረጡ ፍልሚያዎችንና ተፋላሚዎቹ የሚናገሩባቸውን ቃለ መጠይቆች በዩቲዩብ በነፃ ልቀቁ። ዝግጅቱን በሙሉ በክፍያ ማሳየት ስትፈልጉ፣ በሌሎች የተዘጋጁ የስርጭት መድረኮች አሉ፤ በርካታ አነስተኛ ድርጅቶች የሚሠሩትም በዚህ መንገድ ነው።

የእርስዎ ሙያ በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሆኖም የሠርግ ቀረጻ ልምድ ሳይለወጥ እንዳለ አይሠራም። ዋናው ካሜራ በአንድ ቦታ ተተክሎ ሪንጉን ፊት ለፊት የሚያይ ይሁን፤ ከዚያ ካሜራ በትይዩ ያለው የመቀመጫ ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ መሞላት አለበት፤ ቤት ያለው ተመልካች የሚያየው እሱን ነውና። በሪንጉ ዳር የሚንቀሳቀሰው ባለ ካሜራ የትኛው ምት በየትኛው ማዕዘን ሲታይ እውነተኛ እንደሚመስል ከተፋላሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ይማር፤ አንድ ሰው በሕመም ፊቱን ሲያጨማድድ ካሜራው ፊቱ ላይ ካልደረሰ የምቱ ትርጉም ግማሹ ይጠፋል። ድምፁም እንዲሁ ነው። የሕዝቡን ጩኸት የሚይዝ ማይክ ከሪንጉ በላይና ከተመልካቹ መካከል ካልተደረገ፣ የሞላ አዳራሽ እንኳ ባዶ ይመስላል። አነስተኛ ስቱዲዮም ቢሆን በአግባቡ ከተያዘ በቂ መሆኑን ናሽናል ሬስሊንግ አልያንስ በኦክቶበር 2019 አሳይቷል፤ በአትላንታ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቂት ተመልካች አስቀምጦ፣ ብዙውን ጊዜ ለንግግር ሰጥቶ፣ ሳምንታዊ ትዕይንት በዩቲዩብ በነፃ ማቅረብ ጀመረ፤ የድሮውን የቴሌቪዥን ሬስሊንግ መልክ የሚወዱ ሰዎችም ወዲያው ተቀበሉት።

ሁለት ነገሮችን ከመጀመሪያው ቀን አስተካክሉ። አንደኛው ሙዚቃ ነው፦ ተፋላሚ ሲገባ የታወቀ ዘፈን ያለ ፈቃድ ብታጫውቱ ዩቲዩብ ድምፁን ሊያጠፋው ወይም ገቢውን ለባለ መብቱ ሊያስተላልፈው ይችላል። በ1990ዎቹ በፊላደልፊያ የነበረው ኢ.ሲ.ደብሊው የተባለ የሬስሊንግ ድርጅት የታወቁ ዘፈኖችን እየተጠቀመ ዝነኛ ቢሆንም፣ ቅጂዎቹ በኋላ በስትሪሚንግ ሲቀርቡ ብዙዎቹ ዘፈኖች በሌላ ሙዚቃ ተተክተዋል። ዘፈኑን ከአካባቢያችሁ ሙዚቀኛ አሠርታችሁ መብቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በ1989 የደብሊው ደብሊው ኢ የቀድሞው ድርጅት ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አለመሆኑን በኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ፊት አምኖ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር ወጥቷል፤ ሌሎች ግዛቶች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ተከትለዋል። በእናንተ ግዛት ሬስሊንግን የሚቆጣጠረው የሜሪላንድ ግዛት የአትሌቲክስ ኮሚሽን ስለሆነ፣ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት መሥሪያ ቤቱን አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ «የኦል ኢሊት ሬስሊንግን ስኬት ብዙ ሰው ያደንቃል። መሥራቹ ቶኒ ካን ግን የቢሊየነር ልጅ ነው። ነገሩ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም ወይ?» ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ገንዘቡ እውነተኛ ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። አባቱ ሻሂድ ካን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የጃክሰንቪል ጃጓርስና የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ የፉልሃም ባለቤት ናቸው። በ2020 ወረርሽኙ አዳራሾችን ሲዘጋ ድርጅቱ በጃክሰንቪል ከጃጓርስ ስታዲየም ጋር በተያያዘው ዴይሊስ ፕሌስ ትዕይንቱን መቀጠል መቻሉ ከዚህ ሀብት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች በዚያ ዓመት ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማወቅ ቲ.ኤን.ኤ የተባለውን የሬስሊንግ ድርጅት ይመልከቱ። በጁን 2002 ትዕይንት ሲጀምር የቴሌቪዥን ውል ስላልነበረው በየሳምንቱ በአሥር ዶላር ገደማ የሚገዛ ትዕይንት ይዞ ቀረበ። በዚያው ዓመት ፓንዳ ኢነርጂ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ አብላጫውን ድርሻ ገዝቶ ደገፈው፤ በየሳምንቱ መክፈል ግን ተመልካቹን አላበዛውም። ድርጅቱ እየሰፋ የመጣው ተመልካቹ በተናጠል ሳይከፍል የሚያየው የቴሌቪዥን ሰዓት ካገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በጃንዋሪ 2010 ትላልቅ ስሞችን ሰብስቦ፣ በማርች ትዕይንቱን ወደ ሰኞ ምሽት አዛወረና ከ«ሮው» ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። ሁለት ወር ገደማ ብቻ ቆይቶ በሜይ ወደ ሐሙስ ተመለሰ። የጎደለው ካፒታል አልነበረም። ያለውን ታማኝ ተመልካች በማይፈልገው ምሽት አስቀምጦ፣ የሌላውን ተመልካች ለመውሰድ መሞከሩ ነው የጎዳው።

ኦል ኢሊት የመረጠው ረቡዕን ነበር። ደብሊው ደብሊው ኢ በዚያው ምሽት «ኤን.ኤክስ.ቲ» የተባለውን ሌላ ትዕይንቱን አሰለፈበት፤ ሆኖም በመጀመሪያው ምሽት «ዳይናማይት» 1.409 ሚሊዮን፣ «ኤን.ኤክስ.ቲ» 891,000 ተመልካች አገኙ፤ በኤፕሪል 2021 ምሽቱን የለቀቀው «ኤን.ኤክስ.ቲ» ሆነ። ዋናው ገቢም በዚሁ ተከትሎ መጣ፦ በጃንዋሪ 2020 ከዋርነርሚዲያ ጋር የነበረው ውል እስከ 2023 ሲራዘም 175 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተዘገበ። በኦክቶበር 2024 የተፈረመው አዲሱ ውል በዓመት በአማካይ 185 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ሲዘገብ፣ ትዕይንቶቹም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ጊዜ በስትሪሚንግ አገልግሎቱ ማክስ መታየት ጀመሩ። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በኦገስት 27 ቀን 2023፣ ድርጅቱ ለለንደኑ ዌምብሌይ 81,035 ትኬት መሸጡን አሳውቋል። በቀጣዩ ዓመት የሳምንታዊ ትዕይንቶቹ ተመልካች በአዳራሽ ስለቀነሰ ወደ አነስተኛ ስፍራዎች መውረድ ግድ ሆነበት፤ ይህን ማድረጉንም ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። የሀብታም አባት ልጅ መሆን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኪሳራ ይችላል። ሰው ረቡዕ ማታ ቴሌቪዥን እንዲከፍት ማድረግ ግን አይችልም፤ ለዚህ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚወዳቸው ተፋላሚዎች ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ «ውጤቱ አስቀድሞ ለተወሰነ ፍልሚያ ኔትፍሊክስ ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለአዲስ ድርጅትስ የሚተርፍ ነገር አለው?» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በጃንዋሪ 2024 የታወጀው ውል ለአሥር ዓመት ከአምስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የመጀመሪያው ስርጭትም በጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ከሎስ አንጀለስ አካባቢ ተላለፈ። «ሮው» ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ የሚቀርብ ሲሆን የእረፍት ወቅት የለውም። የእግር ኳስ ውድድር ዘመን ያልቃል፣ ተከታታይ ድራማም ምዕራፉ ሲያልቅ ተመልካቹ ደንበኝነቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሬስሊንግ ግን በዓመት ሃምሳ ሁለት ሳምንት፣ በአብዛኛውም በቀጥታ፣ ይተላለፋል። ውጤቱ መወሰኑም ለገዢው ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ በስፖርት ውድድር ተወዳጁ ቡድን በጊዜ ሊሰናበት ይችላል፣ እዚህ ግን አዘጋጁ ተወዳጁን ሰው እስከ ትልቁ ቀን ያደርሰዋል።

ለአዲስ ድርጅት የሚተርፈው ገንዘቡ ሳይሆን የገዢዎች ብዛት ነው። ትልቁን ያላገኙ መድረኮች በዝቅተኛ ዋጋ ተመሳሳይ ይዘት ይፈልጋሉ፤ የሚጠይቁት ግን ተስፋ ሳይሆን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ሳይቋረጥ የቀረበ ሥራና የሚያድግ የተመልካች ቁጥር ነው። ያለ ቀጣይነት የቀረበ ሐሳብ ይዞ ወደ እነሱ መሄድ ጊዜን ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ «የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ እዚህ ለንደን በአንድ የሬስሊንግ ማሠልጠኛ ከጀመረ ቆይቷል። አሁን አዲስ የተመሠረተ ድርጅት ያለ ክፍያ እንዲፋለምና በኢንተርኔት እንዲታይ ጋብዞታል። ልጄ በጣም ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን እፈራለሁ። ምን ልጠይቅ?»

መልስ፦ እመቤት፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ውጤቱ የተወሰነ ቢሆንም አወዳደቁ እውነተኛ ነው፤ የሪንጉ ወለል ከስስ ፍራሽ በታች እንጨትና ብረት ነው፤ ጭንቅላት የሚመታው ብዙውን ጊዜ በተሳሳተ አወዳደቅ ነው። ልጅዎ ጎልማሳ ስለሆነ መከልከሉ ላይሳካ ይችላል፤ አብረውት ሄደው አዘጋጁን ማነጋገር ግን ይችላሉ፤ ጥያቄን የሚያከብር አዘጋጅም ይህን አይጠላውም።

በትዕይንቱ ዕለት የሕክምና ባለሙያ በአዳራሹ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ፤ «አምቡላንስ እንጠራለን» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ተፋላሚው ጭንቅላቱን ቢመታ ፍልሚያውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ልጅዎ የሚገጥመው ሰው ስንት ዓመት የሠራ እንደሆነና አስቀድመው አብረው መለማመዳቸውን ያረጋግጡ፤ ሁለት ጀማሪዎችን ያለ ልምድ ያለው ሰው ማገጣጠም አደጋን በእጥፍ ይጨምራል። መድኑም የተመልካቹን ብቻ ነው ወይስ የተፋላሚውንም የሚሸፍነው? ከከፍታ መዝለልን ወይም በገመድ መውረድን የመሰለ ትርዒት ከተጠየቀ እምቢ ማለት መብቱ መሆኑን ይንገሩት። በሜይ 23 ቀን 1999 በካንሳስ ሲቲ ኦወን ሃርት ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ እንዲወርድ ተደርጎ ወድቆ ሞተ፤ ትርዒቱ ለፍልሚያው ታሪክ ምንም የሚጨምረው አልነበረም። እሱ የዓመታት ልምድ ያለው፣ በዓለም ትልቁ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር።

በእናንተ አገር ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ። በጁን 2020 በብሪታንያ ብዙ ተፋላሚዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በማሠልጠኛዎችና በድርጅቶች ውስጥ የደረሰባቸውን በደል በይፋ ተናገሩ፤ የፓርላማ አባላት ያቀፈ ቡድንም ጉዳዩን መርምሮ በ2021 ሪፖርት አወጣ። ስለዚህ ልጅዎ ቅሬታ ቢኖረው ለማን እንደሚያቀርብ፣ ያ ሰውም ከአዘጋጁ የተለየ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። አዲስ ድርጅት የሚመሠርቱ ሰዎችም ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያው ትኬት ሽያጭ በፊት ሊያቆሙት ይገባል፤ ገንዘብ ሲገኝ የሚደርስ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ክፍያው፣ ጀማሪዎች በትንሽ ገንዘብ ወይም በነፃ መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ መለመዱ ግን ትክክል አያደርገውም። ድርጅቱ ትኬት ከሸጠ ቢያንስ የትራንስፖርቱን ይክፈለው። ከክፍያው የበለጠ ዘላቂ የሆነው የቪዲዮው ጉዳይ ነው። ቀድሞ በትንሽ አዳራሽ የተደረገ ፍልሚያ ያዩት ሰዎች ሲበተኑ ያበቃ ነበር፤ አሁን የልጅዎ የመጀመሪያ ስህተት ሁሉ በኢንተርኔት ይቀመጣል፣ ሊሸጥና ለሌላ መድረክም ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ቪዲዮው ለምን ያህል ጊዜና በየትኞቹ መድረኮች እንደሚታይ፣ ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ የማን እንደሚሆን፣ ልጅዎም የራሱን ፍልሚያ ለሌላ አዘጋጅ ለማሳየት ቅጂ እንደሚሰጠው በጽሑፍ ይስፈር። የሪንግ ስሙንም እንዲሁ። ኮዲ ሮድስ ደብሊው ደብሊው ኢን በ2016 ሲለቅ፣ አባቱ ደስቲ ያገነኑት «ሮድስ» የሚለው ስም ከእሱ ስም ጋር ተጣምሮ በድርጅቱ የንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ ስለነበር፣ ለዓመታት «ኮዲ» ብቻ እየተባለ ተፋልሟል፤ ሙሉ ስሙን በሪንግ ላይ መልሶ ያገኘው በ2020 ነው። ልጅዎ ስሙን ራሱ ካወጣው፣ ስሙ የእሱ ሆኖ እንደሚቆይ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር በውሉ ላይ እንዲጨመር ይጠይቅ፤ አዘጋጁ ይህን ካልተቀበለ ሌላ ማሠልጠኛና ሌላ ድርጅት በለንደን አይጠፋም።